የባዶ ቤት ጭስ

ሰው ብቸኝነት ሲበዛበት ወይ መጠጥ ቤት ይገባል፣ ወይ ሚስት ያገባል። እኔ ግን ባዶ ቤት ነበር የምገባው፤ ያውም የሰው ቤት። አሁን ሮቤ ላይ ጡረታ ወጥቼ፣ የልጅ ልጆቼ እየተንጫጩብኝ ይህን ስናገር ማንም አያምነኝም። "አንተ ወሬ ወዳዱ፣ ብቻህን?" ይሉኛል። አዎ፣ ብቻዬን። ወሬ መውደድ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ምትኩ እባላለሁ። ትውልዴ ጎጃም ነው። በደርግ ጊዜ የደን ሥልጠናዬን እንደጨረስኩ፣ ጢሜ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ በሚወስደው ዳገት ላይ ባለች አንዲት መንደር ተመደብኩ። መንደሯ አዲስ ነበረች። ገበሬው በየሸንተረሩ ተበታትኖ ከሚኖርበት ተሰብስቦ፣ በገመድ በተለካ መስመር ጎጆውን ቀልሶ እንዲኖር በመንደር ምስረታ የተሠራች ናት። የእኔ ሥራ ደግሞ ከመንደሯ በላይ ያለውን የጥድና የኮሶ ደን መጠበቅ ነበር። አናቱ ላይ ፊደል የተቀረጸበት የብረት መዶሻ ተሰጥቶኛል። በመዶሻው የመታሁት ዛፍ ይቆረጣል፤ ያልመታሁትን የነካ ይከሰሳል። እንግዲህ አስቡት፤ ብርድ በሚያንቀጠቅጥበት አገር እንጨት ከልካይ ሆኖ የመጣን ሰው ማን ይወደዋል? "ያ ቦሶና" ይሉኝ ነበር፤ ቦሶና በኦሮምኛ ደን ማለት ነው፣ «ያ» ደግሞ መጥሪያ ናት። ስሜን የሚያውቀው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ጀማል ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን የሚጠራኝ ፊርማዬ ሲያስፈልገው ነው።

የማኅበሩ መጋዘን ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጥተውኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎባ ወርጄ፣ ርካሽ አልቤርጎ አድሬ፣ አማርኛ ስሰማ ውዬ እሑድ ማታ እመለሳለሁ። በሌሎቹ ቀናት አፌን የምከፍተው ለመብላት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ድምፄ እንዳይጠፋ ብዬ ዛፎቹን ጮክ ብዬ እሰድባቸው ነበር። ብሞት መጋዘኑ መሽተት እስኪጀምር የሚያውቅ ሰው የለም እያልኩ አስብ ነበር። ወጣት ስለነበርኩ ይህን ሐሳብ እወደውም ነበር መሰለኝ።

አንድ ቀን ደን ውስጥ ስዞር በረዶ ያዘኝ። ሕዝቡ ወደ መንደር ሲወርድ ትቷቸው የሄደ ጎጆዎች በየሸንተረሩ ባዷቸውን ቆመው ነበር። ወደ እነሱ መመለስ ክልክል ነው፤ ገበሬው ተመልሶ እንዳይሰፍር ታጣቂዎች አልፎ አልፎ ይቃኛሉ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ብዬ ከሁለት ትልልቅ ኮሶዎች ሥር ያለችው ጎጆ ውስጥ ዘው አልኩ። ጉልቻዎቹ እንዳሉ ናቸው። ግድግዳው ላይ የሆነ ሰው በጣቱ የሳለው የፈረስ ሥዕል አለ። ደረቅ የአስታ እንጨት ሰብስቤ እሳት አነደድኩና ልብሴን አደረቅኩ። በነጋታው በረዶ አልነበረም፤ እኔ ግን ተመልሼ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነብኝ። ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ስጨርስ ወደዚያች ጎጆ ወጥቼ እሳት አነዳለሁ፤ በጣሳ ሻይ አፈላለሁ፤ ፈረሱን እያየሁ እቀመጣለሁ። ሲመሽ ፍሙን በአመድ አዳፍኜ እወርዳለሁ። ጣራው አንድ ቦታ ሲያፈስ ጓሳ አጭጄ ደፈንኩት። ቤቷ የማን እንደነበረች አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ለምን ጠየቅክ ይሉኛል፣ ከዚያ ይከለክሉኛል ብዬ ነው። እንዲህ ሆኜ ከዓመት በላይ ቆየሁ።

መንደሯ ውስጥ እሳት የተነሳው በበጋው መጨረሻ፣ ነፋሱ ከሳነቴ እየተንደረደረ በሚወርድበት ሰሞን በጠራራ ፀሐይ ነው። ከአንድ ማድቤት ተነሳ። ቤቶቹ በመስመር ተጠጋግተው ስለተሠሩ ነፋሱ ነበልባሉን ከጣራ ጣራ ያሻግረው ጀመር። እሳት ካየው ምን ለየው እንደሚባለው፣ ውሃ ይዘን እስክንደርስ የላይኛው ረድፍ በሙሉ አመድ ሆነ። ፈጣሪ ይመስገን ሰው አልሞተም። ግን አራሶችና ሽማግሌዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። አጎዛ፣ እህል፣ የወተት ዕቃ፣ ምንም አልተረፈም። ሰማዩ ደግሞ ከሐረና በኩል መጥቆር ጀምሮ ነበር፤ በልግ ደርሷል። በዚያ ከፍታ የበልግ ዝናብ ማለት በረዶና ውርጭ ማለት ነው። ሕፃን በላስቲክ ሥር አያልፈውም።

በማግስቱ ከከተማ አንድ ካድሬ መጣና ስብሰባ ጠራ። መኪናው ላይ ሁለት የዛፍ መጋዝ ጭኗል።

"ጓዶች፣ ችግሩ ቀላል ነው። ምንጩ ጋ ያለው ጥድ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። ዛሬ ይቆረጥ። የደን ባለሙያው እዚህ አለ፤ መዶሻውን ያንሳ" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምንጩ ጋ ያለው ጥድ መንደሩ የሚጠጣውን ውሃ የሚያቅፍ ነው። ከእሱ ሌላ በጋውን ሙሉ የማይደርቅ ምንጭ በአካባቢው አልነበረም። ኦቦ ጀማል እጁን አነሳ። አጭር፣ ድምፁ ጎርናና ሰው ነው።

"ጓድ፣ ጥዱን ከቆረጥን ምንጩ ይሄዳል። ካልቆረጥን ልጆቹ ይሄዳሉ። እኔ የትኛውን ልምረጥ? አንተው ምረጥልን" አለ።

ያን ጊዜ እኔ ተነሳሁ። ከሰው ፊት ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

"ላይ ያሉት ባዶ ቤቶች ጣራቸው ደህና ነው። ተሸክመን እናውርዳቸው" አልኩ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በባሌ ሰው ቤቱን ከቦታ ቦታ ሲቀይር ጣራውን እንዳለ ያነሳዋል። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ወንዱ ከሥሩ ገብቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ አዲሱ ግድግዳ ላይ ያሳርፈዋል። አንድ ጊዜ ዲንሾ አጠገብ ከሩቅ አይቼ፣ ኮረብታው ላይ ቤት በእግሩ ሲሄድ አፌን ከፍቼ ቀርቼ ነበር።

ኦቦ ጀማል ራሱን ነቀነቀ። "ጭስ ያጣ ቤት ክረምት አይችልም፣ ያ ቦሶና። ነቀዝ ይበላዋል፤ የታሰረበት ልጥ ይበሰብሳል።"

"አይቻለሁ። ደህና ነው" አልኩ። ያየሁት ግን አንድ ቤት ነበር። ያቺ እንደዚያ ከሆነች ሌሎቹም እንደዚያ ናቸው ብዬ ነው የደመደምኩት። የተማረ ሰው መላ!

ካድሬው አልወደደውም፤ ሕዝቡ ወደ ድሮ ቤቱ ከወጣ እዚያው ይቀራል ብሎ ፈራ። ኦቦ ጀማል "በእኔ ይሁን፣ ሄደን እንመለሳለን" ሲለው "ነገ እኔም አብሬ እወጣለሁ። ካልሆነ ጥዱ ይቆረጣል" አለ።

ይህን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል አንዲት አሮጊት ብድግ አሉ። "አይሆንም! ወደዚያ ማንም አይውጣ! ጥዱን ቁረጡ!" ብለው ጮኹ። ቤታቸው ከተቃጠለባቸው አንዷ ናቸው፤ አዴ ሃሊማ ይባላሉ። ሰው ሁሉ ግራ ገባው። ያንን ምንጭ ከማንም በላይ የሚጠርጉትና የሚያጥሩት እሳቸው ነበሩ። ኦቦ ጀማል በኦሮምኛ ለዘብ አድርጎ አስቀመጣቸው።

አዴ ሃሊማን አውቃቸዋለሁ ለማለት አልደፍርም፤ ግን ታሪካቸውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባላቸው ሞተዋል። አህመድ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የታፈሰ ቀን አህመድ በጓሮ ዘሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ታጣቂዎች መጥተው ሲጠይቋቸው "ደሎ መና ለንግድ ሄዷል" ይላሉ። መንደሩም "አዎ፣ ለንግድ" ይላል። ከድቶ የተደበቀ ልጅ ታድኖ ይያዛል፤ የደበቀውም አብሮት ይታሰራል።

በስብሰባው ዕለት ከሰዓት በኋላ አዴ ሃሊማ ወደ መጋዘኑ መጡ። ከመጣሁ ጀምሮ በሬ ላይ የቆመ እንግዳ እሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ። ምን እንደማቀርብላቸው ጠፍቶኝ በርጩማ ይዤ ተንደፋደፍኩ።

"አልቀመጥም። አንድ ነገር ልለምንህ ነው" አሉኝ። "ከሁለቱ ኮሶዎች ሥር ያለችው ቤት የእኔ ነበረች። እሷን ተዋት። በስብሳለች። ሰው ብትነካው ትወድቅበታለች።"

የእኔ ቤት! ፈረሱን የሳለው አህመድ ነበር ማለት ነው፤ ልጅ እያለ። ደግሞም አልበሰበሰችም። ከትናንት ወዲያ እዚያ ነበርኩ፤ ጣራዋ እንደ ከበሮ የጠነከረ ነው። ለምን ይዋሻሉ? የገመትኩት ይህን ነው፦ ባላቸው የሞቱባት፣ ልጃቸው ያደገባት ቤት እንዳትነካ ፈልገው ይሆናል። እኔም ብሆን እንድትነካ አልፈልግም ነበርና ጥያቄያቸው ለእኔም ተመቸኝ።

"እሺ አዴ። እርስዎ እንዳሉ። ወደዚያች አንሄድም" አልኳቸው።

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። ደነገጥኩ። አንድ አሮጌ ቤት ስለተውኩ እንዲህ መሳም አይገባኝም ነበር። ያን ዕለት ማታም እንደ ልማዴ ወጥቼ እሳቴን አነደድኩ፤ ፍሙን አዳፍኜ ወረድኩ።

በማግስቱ ጠዋት አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ወጣ። ሴቶችም ገመድና ውሃ ይዘው ተከተሉ። አዴ ሃሊማ "አርፈሽ ተቀመጪ" ቢባሉም በምርኩዝ ከኋላ እየተነፈሱ ወጡ። ካድሬው ሁለት ታጣቂ ይዞ ከፊት ይሄዳል።

የመጀመሪያው ቤት ደረስን። ወንዶቹ ረጃጅም ግንድ በጣራው ሥር አሻግረው ትከሻቸውን አስገቡ። "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ!" ብሎ ኦቦ ጀማል ቆጠረ። ጣራው ከግድግዳው ትንሽ ተላቀቀና እንደ ብስባሽ ቅርጫት መሃሉ ላይ ተተረተረ። አቧራና ነቀዝ የበላው እንጨት አናታችን ላይ ወረደ። ሰው አልተጎዳም። ሁለተኛው ደግሞ ገና ሲነካ ወደቀ። ሦስተኛውን ኦቦ ጀማል በዱላው መታ አደረገውና ዱላው ገባበት። ሁሉም ያየው እኔን ነበር። "አይቻለሁ" ያለው ሰው! ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ።

"በቃ" አለ ካድሬው። "ጊዜ አባከንክብን። መዶሻህን ይዘሃል?"

ይዤዋለሁ። ከወገቤ ላይ ከብዶኛል። ወደ ምንጩ ለመውረድ ስንዞር ነው ኦቦ ጀማል ቆም ብሎ ወደ ሁለቱ ኮሶዎች ያየው። "ያቺን ሳናይ? የሃሊማ ቤት ሰፊ ነበረች" አለ።

አዴ ሃሊማ ይህን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ጥለው ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ዳገት! ከሁላችን ቀድመው ደርሰው በሩ ላይ ተገተሩ። እጃቸውን ዘርግተው "በስብሷል! በስብሷል!" ይላሉ። ከንፈራቸው ደርቋል። ዞር እያሉ ወደ ውስጥ በኦሮምኛ ጮክ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ። ለማን እንደሚናገሩ አልገባኝም።

የገባው ካድሬው ነው። ገፋ አድርጓቸው ገባ፤ እኛም ተከተልነው። ቤቱ እኔ እንደተውኩት ነው። ተጠርጓል። ደረቅ አስታ ጥግ ላይ ተደርድሯል። ጣሳው ጉልቻው አጠገብ ተደፍቷል። ካድሬው አመዱን በጫማው ጫፍ በተነው፤ ከሥሩ ያዳፈንኩት ፍም ቀይ ሆኖ ብቅ አለ።

"እህ!" አለ። ድምፁ ተለወጠ። "እሳት በሌለበት ጭስ የለም። ልጅሽ ደሎ መና ነው አላልሽም? እዚህ ነዋ የሚነግደው! ያዟት። እናንተ ደግሞ ደኑን ክበቡ።"

አንደኛው ታጣቂ ክንዳቸውን ያዘ። እሳቸው ግን አልታገሉም፣ አላለቀሱም። ከቤቱ በስተጀርባ ወዳለው ደን ነበር የሚያዩት። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አምልጧል የሚል ደስታ ነበረበት። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ስብሰባው ላይ የጮኹት፣ እጄን የሳሙት፣ በሩ ላይ ወደ ውስጥ የተናገሩት ሁሉ ገባኝ። አዴ ሃሊማ ከታች ከመንደሩ ሆነው ጭሱን ያዩ ነበር። ዓመት ሙሉ። እሳቱን ያነደደው ልጃቸው መስሏቸው ነበር፤ ታጣቂ ተከትሎ እንዳይይዝባቸውም ወደዚያ ወጥተው አያውቁም።

ዝም ብል ይታሰራሉ። ብናገር ደግሞ ልጃቸውን እወስድባቸዋለሁ። ጊዜ ቢሰጠኝ ምን እንደምመርጥ አላውቅም። ጊዜ አልነበረም።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን?" አለ ካድሬው።

"እሳቱን የማነደው እኔ ነኝ። ጣሳውን ገልብጡት፤ ስሜ ተጭሮበታል።"

ገለበጠው። ምትኩ ይላል። ጎባ አልቤርጎ ውስጥ እንዳይጠፋብኝ በሚስማር የጫርኩት ነው። ካድሬው አንዴ ጣሳውን፣ አንዴ እኔን አየ።

"አንተ መኖሪያ ተሰጥቶህ የለም እንዴ? እዚህ ምን ታደርጋለህ?"

"እቀመጣለሁ።"

"ትቀመጣለህ?"

"አዎ። እሳት አነድና እቀመጣለሁ። ጣራውንም ጠግኛለሁ፤ ያውላችሁ።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ብዙዎቹ ሳቁ። በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እል ነበር። ካድሬው ትከሻውን ነቀነቀና ታጣቂው እንዲለቃቸው በእጁ ምልክት ሰጠ። "ለአለቆችህ እነግራለሁ" ብሎኝ ጣራውን ለማየት ወጣ። ነገራቸውም፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ ሌላ ምንም አልመጣም።

አዴ ሃሊማ እዚያው ጉልቻው አጠገብ ተቀመጡ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ቀና ብለው አዩኝ።

"ሁልጊዜ አንተ ነበርክ?"

"ሁልጊዜ።"

"ክረምትም?"

"ክረምትም፣ አዴ።"

"ሌላ ሰው አላየህም? አንድ ቀን እንኳ? ዱካም?"

ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አንድ ጊዜ ዱካ አይቻለሁ ብል ምን ነበረበት? ግን ዓይናቸውን እያየሁ አልቻልኩም።

"ማንንም አላየሁም" አልኳቸው።

"ያ ረቢ" አሉ፣ በጣም በቀስታ። እኔ ዕንባዬ መጣ፤ የእሳቸው ግን አልመጣም።

ከውጭ የኦቦ ጀማል ጩኸት ተሰማ። ጣራውን በዱላው እየደበደበ ነው። "ደህና ነው! ጭስ ጠጥቷል! ልጡ እንኳ አልላላም!" ይላል። ወንዶቹ እየተሯሯጡ ምሰሶውን ከሥሩ ቆፈሩ፣ ማሰሪያውን ፈቱ፣ ግንዱን አሻገሩ። እኔም ማንም ሳይጠራኝ ከሥር ገባሁ። ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ ቆመ። ቆጠራ የለም።

"ምን እንጠብቃለን?" አልኩት አጠገቤ ያለውን ሰው።

"ባለቤቷን" አለኝ።

ጣራ የተሸከመ ሰው ከፊቱ ያለውን አያይም፤ አናቱ ሣር ውስጥ ነው። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ከፊት እየሄደ መንገዱን በድምፁ ይመራል። ባለቤቱ ካልጠራ ጣራ አይነሳም፤ ደንቡ ነው። ካድሬው "አንሱ እንጂ!" ብሎ ቢጮህ የተነቃነቀ የለም። እኛ ሁላችን ትከሻችንን አስደግፈን፣ ጎንበስ ብለን፣ በጨለማው ውስጥ የአንዲት አሮጊት ድምፅ እንጠብቃለን። በጣም ቆየን። አይጠሩም፣ ቢጠሩስ ለምን ይጠራሉ አልኩ በልቤ። ልጃቸውን የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ጣራውን ተሸክሜ ደግሞ ከሥሩ ቆሜያለሁ።

የሚጎተት እግር ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የተሰበረ ድምፅ "ከኣ" አለ። ተነሱ ማለት ነው።

ተነሳን። ቤቷ ተነሳች።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ተረት የሠራው ሰው ጣራ ተሸክሞ አያውቅም። አንገቴ የሚሰበር መሰለኝ። የማየው እግር ብቻ ነው፤ ጎማ ጫማ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ጭቃ። ሽታው ግን የእኔ ጭስ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ያጨስኩት አስታ። በግራም በቀኝም የሰው ትከሻ ተጭኖኛል። የአንዱ ላብ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል። ከፊት አዴ ሃሊማ ቀስ በሉ እያሉ ይጠራሉ።

"ሱታ! ሱታ!... በቀኝ ድንጋይ አለ!... ጉድጓድ!... ቦሶና፣ ጎንበስ በል፣ ቅርንጫፍ ነው!"

ስሜን ጠሩ። ስሜ አልነበረም፤ ግን እኔን ነበር የጠሩት። እዚያው ጣራ ሥር እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ማንም አላየኝም። ቢያየኝም ላብ ይመስለው ነበር።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። የቀሩት ወንዶች የድሮውን ቤት የግድግዳ እንጨቶች ተከትለው አወረዱ። ጣራ ቢበሰብስ የጥድ ግድግዳ አይነቅዝም፤ በነጋታው ከወደቁት ቤቶችም እየነቀሉ አመጡ። ጣራውን ባሳረፍን ማግስት ዝናቡ ጣለ። ከአዴ ሃሊማ ጣራ ሥር የላይኛው ረድፍ አራሶችና ሕፃናት በሙሉ ገቡ፤ እንደ በግ ተጠጋግተው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አሳለፉ። ለሌሎቹ ቤቶች ማገርና ወራጅ ጎድሎ ከደኑ ዳርቻ የተወሰኑ ዛፎች መትቻለሁ፤ አልዋሽም። የምንጩን ጥድ ግን ማንም አልነካውም።

ጣራው ያረፈ ዕለት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። አዲስ በተተከለ ቤት ውስጥ እሳት የሚለኩሰው ባለቤቱ ነው። ሰዎቹ ፍም አምጥተው ለአዴ ሃሊማ ሰጧቸው። እሳቸው ተቀብለው ዞሩና በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ አይደለህም። ልጄ ብዬም አልጠራህም" አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ግን እሳቱን ያቆየኸው አንተ ነህ። ና፣ አንድድ።"

ገብቼ አነደድኩ። ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። "ዛፍ ጠባቂ እንጨት ማንደድ አይችልም!" ብሎ ኦቦ ጀማል ሲስቅብኝ እኔም ሳቅኩ። ከሰዎች ጋር ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር።

ውድ አንባቢዎቼ፣ አህመድ አልመጣም። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ስታነቡ መጨረሻ ላይ ልጁ ሲመጣ ማየት እንደምትፈልጉ አውቃለሁ፤ እኔም ለዓመታት ፈልጌአለሁ። መንግሥት ተለውጦ የተበተነው ወታደር፣ የተደበቀው ሁሉ ሲመለስ፣ አዴ ሃሊማና እኔ የጎባ መናኸሪያ ላይ ቆመን የሚወርደውን ሰው ፊት እያየን ውለናል። አልመጣም። እኔ ግን ባሌን ለቅቄ አልሄድኩም። ዝውውር ሲመጣልኝ እንቢ አልኩ፤ ኦሮምኛ ተማርኩ፤ እዚሁ ወለድኩ። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ስጨርስ የምሄደው ወደ እሳቸው ቤት ነበር። እሳት አነዳለሁ፣ እንቀመጣለን። ብዙ ጊዜ አንነጋገርም።

አንድ ቀን ግን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ድንገት ጠየቁኝ።

"ቅዳሜና እሑድ ጭስ አይወጣም ነበር። ለምን?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። "ጎባ እወርድ ነበር፣ አዴ። አማርኛ ልሰማ።"

እሳቱን ቆስቆስ አደረጉ።

"እኔ ደግሞ ታሞ ይሆናል እል ነበር" አሉኝ። "እነዚያን ሁለት ቀኖች እህል አይወርድልኝም ነበር። ሰኞ ጭሱን ሳይ ነው የምበላው።"

በዚያ ዘመን እኔ መጋዘኑ ጀርባ ተኝቼ፣ ብሞት የሚያውቅ ሰው የለም እያልኩ አስብ ነበር።